የስኳር ዛፍ በካይሮ፦ የዒድ ኬክ ጌጥ ከየት መጣ?



ዒድ በመጣ ቁጥር፣ ኒካሕና ዐቂቃም በደረሰ ቁጥር አንድ ክርክር ይነሳል። እህቶቻችን እቤታቸው ኬክ ይጋግራሉ፣ ክሬም ይቀቡታል፣ በከረጢት ጫፍ እየጨመቁ አበባ ይሠሩበታል፣ «ዒድ ሙባረክ» ብለው ይጽፉበታል። ታዲያ አንዱ ዘመድ ይመጣና «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ከየት ያመጣችሁት ነው?» ይላል። ፈትዋ መስጠት የእኛ ቦታ አይደለም፣ እሱን ለዑለማዎቻችን እንተዋለን። «ከየት መጣ?» የሚለው ግን የታሪክ ጥያቄ ነው። መልሱም ብዙዎቻችን ከምንገምተው የራቀ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከስኳሩ ነው። ማር ይጣፍጣል እንጂ ቅርጽ አይዝም። የሸንኮራ አገዳን ጭማቂ አፍልተው ደረቅ ስኳር ማውጣትን ቀድመው ያወቁት ህንዶች ናቸው። ከህንድ ወደ ፋርስ ተሻገረ። እስልምና ፋርስ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ሙስሊሞች አገዳውንም ጥበቡንም ይዘው ወደ ሻም፣ ግብፅ፣ ሰሜን አፍሪካ፣ ሲሲሊና አንደሉስ ወሰዱት። ቃሉ ራሱ መንገዱን ይናገራል፦ በሳንስክሪት «ሸርከራ» የነበረው በፋርስኛ «ሸከር»፣ በዐረብኛ «ሱከር» ሆነ፤ የእኛ «ስኳር»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው። እንግሊዞች ከረሜላን «ካንዲ» የሚሉትም በዐረብኛና በፋርስኛ «ቀንድ» ከሚባለው የስኳር ስም ወስደው ነው።

በግብፅ ሥራው ትልቅ ኢንዱስትሪ ሆነ። የተፈላው ጭማቂ ሥሩ ቀዳዳ ባለው ሾጣጣ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ይፈስሳል። ጥቁሩ ፈሳሽ በቀዳዳው እየተንጠባጠበ ይወጣል፣ ደረቁ ስኳር ደግሞ ዕቃው ውስጥ ይቀራል። እየተደጋገመ በተጣራ ቁጥር ይነጣል። ነጭ ስኳር ደግሞ ቀለም ይቀበላል፣ ቅርጽም ይይዛል። የጌጡ ታሪክ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

በፋጢሚዮች ዘመን (ዐቂዳቸው ሌላ ርዕስ ነው፣ እዚህ አንገባበትም) በካይሮ «ዳሩል ፊጥራ» የሚባል ቤት ተሠራ። ሥራው አንድ ብቻ ነበር፦ ለዒደል ፊጥር ጣፋጭ ማዘጋጀት። ዱቄቱ፣ ስኳሩ፣ ማሩ፣ ለውዙና ተምሩ ከዒዱ ብዙ ቀደም ብሎ እየገባ ይሠራል፣ ከዚያም ለሹማምንቱም ለሠራተኛውም እንደየደረጃው ይከፋፈላል። በ1040ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ) ካይሮ የነበረው ፋርሳዊው ተጓዥ ናስር ኹስረው በረመዷን ማብቂያ ለሱልጣኑ ግብር የተሰናዳውን አዳራሽ ገብቶ አይቷል። ለዚያ ቀን ብቻ 50 ሺህ መን ስኳር ተመድቧል ብለው እንደነገሩት ጽፏል፤ መን የዘመኑ የክብደት መለኪያ ነው። በገበታው ላይ ያየው ደግሞ ይበልጣል፦ የብርቱካን ዛፍ የሚመስል፣ ቅርንጫፉም ቅጠሉም ፍሬውም ከስኳር የተሠራ ጌጥ፣ በዙሪያውም በሺህ የሚቆጠሩ የስኳር ምስሎች። በዒዱ ቀን ደግሞ ከዳሩል ፊጥራ የስኳር ቤተ መንግሥቶች እየወጡ በከተማው መሀል አልፈው ወደ ገበታው ይገባሉ። ሕዝቡም ገበታውን እንዲሻማ ይፈቀድለታል። ያገኘውን የሚበላ ይበላል፣ ለልጆቹ ይዞ የሚሄድ ይሄዳል፣ የሚሸጥም ነበር።

ለግብፆች ይህ እንግዳ አልነበረም። ከፋጢሚዮች በፊት በኢኽሺዲዮች ዘመን አቡበክር አል-ማደራኢ የሚባል ባለጸጋ ባለሥልጣን በዒድ ከዕክ አስጋግሮ በውስጡ የወርቅ ዲናር ያስቀምጥ ነበር ይባላል። ብስኩቱም «አፍጢን ለሁ» ተባለ፤ «ልብ በለው» እንደ ማለት ነው። ሳያስተውል የሚነክስ ሰው ጥርሱን ያጣል መሰለን!

የፋጢሚዮች ጌጥ የቤተ መንግሥት ጌጥ ነበር። ወደ ተራው ሰው ቤት ሲወርድ የምናየው በመምሉኮች ዘመን ነው። በ845 ዓ.ሂ (1442 እ.ኤ.አ) ያረፈው የግብፁ ታሪክ ጸሐፊ አል-መቅሪዚ ስለ ካይሮ የጣፋጭ ነጋዴዎች ገበያ ሲጽፍ በረጀብ ወር ገበያው እጅግ ያምር እንደነበር ይነግረናል። ነጋዴዎቹ ከስኳር ፈረስ፣ አንበሳ፣ ድመትና ሌላም እየሠሩ በየሱቁ ደጃፍ በክር ያንጠለጥሉታል። ስሙም «ዐላሊቅ» ነው፤ የሚንጠለጠል ማለት ነው። አንዳንዱ አሥር ረጥል ይመዝናል፣ አንዳንዱ ሩብ ረጥል ብቻ። ትልቁም ትንሹም ሰው ለቤተሰቡና ለልጆቹ ሳይገዛ አይቀርም ነበር ይላል። ሩብ ረጥል የምትመዝነዋን የስኳር ድመት አስቧት፦ ሀብታሙ ትልቁን አንበሳ ሲያወርድ ድሃውም ለልጁ የምትሆን ነገር ነበረችው ማለት ነው። በመውሊድ ሰሞን በግብፅ የምትሸጠው የስኳር ሙሽራ፣ «ዐሩሰቱል መውሊድ»፣ የዚሁ ገበያ ዘመድ ናት። ዛሬ አብዛኛውን ቦታዋን የፕላስቲክ አሻንጉሊት ወስዶባታል።

ዑለማዎችስ ምን አሉ? ዝም አላሉም። በ737 ዓ.ሂ ያረፉት ማሊኪው ኢብኑል ሐጅ ካይሮ ተቀምጠው «አል-መድኸል» በተባለው ኪታባቸው በየበዓሉ የሚደረገውን ልማድ በብርቱ ተችተዋል። ሰዉ በልማድ ምክንያት ያልተጠየቀውን ግዴታ በራሱ ላይ መጫኑ በጣም ያሳስባቸው ነበር። በዘመናችን በኒካሕ ላይ ባለ አራት ፎቅ ኬክ ካልቀረበ የሚያኮርፍ አማች ስናይ ሸይኹ ምን ይሉ ነበር እንላለን።

በሌላ በኩል አንድ አስገራሚ ነገር አለ። በአገራችን ሚንሃጅን ያልቀራ ደረሳ ጥቂት ነው፤ የሚንሃጁ ባለቤት ኢማም ነወዊ (ያረፉት በ676 ዓ.ሂ ነው) «አት-ቲብያን» በተባለችው ስለ ቁርኣን አደብ በምታወሳ ኪታባቸው አንድ መስአላ ያነሳሉ፦ ቁርኣን በሐልዋ ወይም በሌላ ምግብ ላይ ቢጻፍ መብላቱ እንዴት ነው? መልሱንም ከእሳቸው በፊት ከነበሩት የሻፊዒ ዑለማዎች፣ ከቃዲ ሑሰይንና ከበገዊ አምጥተው፣ መብላቱ ችግር የለውም ይላሉ። ጉዳዩን ለዛሬ የሚያገናዝቡልን ሸይኾቻችን ናቸው። እኛ ግን እንደ ታሪክ ስናየው፣ ልጅ ቁርኣን ሲያኸትም ኬክ ላይ እንጻፍ ወይስ አንጻፍ እያልን የምንከራከርበት ነገር ከ700 ዓመት በፊት በኪታብ ገብቷል። ቃዲ ሑሰይን ያረፉት በ462 ዓ.ሂ መሆኑን ስናስብ ደግሞ ከዚያም ይርቃል። ጥያቄው ተነስቶ መልስ የተጻፈለት ቢያንስ በጣፋጭ ላይ መጻፍ ለሰው ጆሮ እንግዳ ስላልነበረ ይመስለናል።

የመጨረሻው ታላቅ ትዕይንት የኢስታንቡል ነው። በ1582 (እ.ኤ.አ) ሱልጣን ሙራድ 3ኛ የልጃቸውን የመሕመድን ግርዛት ሲያከብሩ ከስኳር የተሠሩ እንስሳት በሰልፍ በአደባባይ አለፉ። በ1720 በሱልጣን አሕመድ 3ኛ ልጆች ግርዛት ደግሞ ከስኳር የተሠሩ ሙሉ የአትክልት ሥፍራዎች ታዩ፤ ሠዓሊው ለቭኒ ሥሎ ስላቆየልን ዛሬም እናያቸዋለን።

አውሮፓ ስኳሩን ያገኘው ከሙስሊሞች ነው። መጀመሪያ እንደ ቅመምና እንደ መድኃኒት በውድ ይገዙት ነበር። ከዚያ ግን ታሪኩ ይጨልማል። ፖርቱጋሎች በማዴይራ ደሴት አገዳ ተከሉ፤ በ1493 ኮሎምበስ አገዳውን ወደ ካሪቢያን ወሰደ፤ ብራዚልም ተከተለች። እርሻው ሰው ይበላል፣ ሰው ደግሞ ከአፍሪካ ተጫነ። በጠቅላላው ከ12 ሚሊዮን በላይ አፍሪካውያን በመርከብ አትላንቲክን እንዲሻገሩ ተደርገዋል፣ እጅግ ብዙዎቹም የሄዱት ወደ ስኳር አገሮች ነው። ከነሱ ውስጥ ሙስሊሞች ነበሩ፤ በ1835 በባሂያ፣ በብራዚሏ የስኳር ክልል፣ በሳልቫዶር ከተማ በረመዷን ወር በባርነት የነበሩ ሙስሊሞች አምፀዋል። የእንግሊዝ ኬክ በነጭ ስኳር የተሸፈነው ከነዚህ ሰዎች ላብና ደም በወጣ ስኳር ነው። ይህን ሳናነሳ ስለ ኬክ ጌጥ ታሪክ ብንጽፍ ግማሹን መደበቅ ይሆንብናል።

ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ኬክ የመጣው ከዚያ ነው። በ1769 ኤሊዛቤት ራፋልድ የተባለች እንግሊዛዊት ባሳተመችው የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሙሽራ ኬክ በመጀመሪያ በለውዝ ሊጥ፣ ከዚያ በላዩ በስኳር እንዲሸፈን ጽፋለች። በለውዝና በስኳር የሚሠራ ሊጥ ደግሞ በዐረቦች ማዕድ ከዚያ ብዙ ቀድሞ የነበረ ነው። የእንቁላል ነጩን ከላመ ስኳር ጋር መትቶ የሚሠራው፣ ሲደርቅ እንደ ኖራ የሚጠነክረው ሽፋን «ሮያል አይሲንግ»፣ የንጉሣዊ ሽፋን ተብሎ ይጠራል፤ በ1840 በንግሥት ቪክቶሪያ ሠርግ የቀረበው 300 ፓውንድ ገደማ የሚመዝን ኬክ አስተዋውቆታል። ያኔ ንጣቱ የሀብት ምልክት ነበር፤ ነጭ ስኳር ውድ ነውና። ወደ ተራ ቤት ያወረደው ርካሽ ስኳር ነው። በ1747 ጀርመናዊው ማርግራፍ ከቀይ ሥር ዘመድ ከሆነው ከነጭ ቢት ሥር ስኳር እንደሚወጣ አሳየ፣ በቀጣዩ ክፍለ ዘመንም ፋብሪካዎች በዙ። በ1843 እንግሊዛዊው አልፍሬድ በርድ ቤኪንግ ፓውደርን ሲሠራ ደግሞ ኬክ እቤት መጋገር ቀለለ።

ወደ አገራችን ስንመጣ ጣፋጩ በሁለት በር ነው የገባው። በምሥራቁ በር፣ በሐረርና በድሬዳዋ፣ ከቀይ ባሕር ማዶ ጋር በነበረው ንግድና ጉርብትና ሐልዋውና ሙሸበኩ ከቆዩ ቆይተዋል፤ ረመዷን ሲገባ የሚያስታውሰው ያውቃል። በሌላው በር የጣሊያን ኬክ መጣ፣ አዲስ አበባ ያጌጠ ኬክን እስከ ዛሬ «ቶርታ» የሚለው ለዚህ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1954 (እ.ኤ.አ) ነው፤ ከዚያ በፊት የአገሬው ጣፋጭ ማር ነበር።

እቤት ኬክ የማስዋቡን ሙያ ካስፋፉት መካከል ከዐረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን ይገኙበታል። በሰው ቤት ሲሠሩ ለሌሎች ልጆች ዒድ ያስጌጡ የነበሩ እጆች አሁን ለራሳቸው ልጆች ያስጌጣሉ። የላመ ስኳር ሲወደድ ተራውን ስኳር በመፍጫ አልመው ይነፉታል፣ የመጭመቂያ ከረጢት ሲጠፋ የወፍራም ፌስታል ጫፍ ይቆርጣሉ። በዒድ ጠዋት ከሶላት ሲመለሱ ትንንሾቹ ካፕኬኮች በትሪ ተደርድረው ለጎረቤት ይወጣሉ፣ ሙስሊም ለሆነውም ላልሆነውም። ትልቁ ኬክ ላይ ያለችው የስኳር አበባ ግን አንድ ብቻ ስለሆነች ልጆቹ ገና ሳይቆረጥ ይጣሉባታል።

ወላሁ አዕለም።