«ደህና ነን በል»፦ ከግንባር የመጡና ወደ ግንባር የሄዱ ደብዳቤዎች

በሚያዝያ 1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚገኙ ዜጎችን ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት የሚጠራ ነበር። ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ቀበሌዎችም ወጣቶች ወደ ሰሜን ዘመቱ። ስለዚያ ጦርነት እስካሁን የምናነበው ታሪክ ግን በአመዛኙ የባለሥልጣናት፣ የጦር መኮንኖችና የታጋይ መሪዎች ትዝታ ነው። ተራው ወታደርና እናቱ የተዉልን ደብዳቤ ብቻ ነው።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ሰው ፊደል ቢያስቆጥርም፣ የልጅን ደብዳቤ ለማንበብና ለመመለስ ብዙዎች ተማሪ ይፈልጉ ነበር። በ1980 ዓ.ም. መርሳ ውስጥ ለጎረቤቶቻችን ይህን ሥራ ከሚሠሩት ልጆች አንዱ ነበርኩ። «ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን» ብዬ እጀምራለሁ። በክርስቲያኑ ቤት «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ በሙስሊሙ ቤት «አልሐምዱሊላህ» ይከተላል። አንዲት እናት በሬያቸው ሞቶባቸው እያለቀሱ፣ «እሱን አትጻፍ ልጄ፤ ደህና ነን በል» አሉኝ። ከኤርትራ ምሽግ የሚጽፈው ልጃቸውም ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ይል ነበር።

በመጋቢት 1980 ዓ.ም. የአፍአበት ግንባር ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤው አልመጣም፤ መርዶ የሚነግርም አልመጣም። እናቲቱ የመጨረሻውን ደብዳቤ ደጋግመው ያስነብቡኝ ነበር።

ዛሬ በታሪክ ተመራማሪ ዓይን ሳየው፣ «ደህና ነኝ» የሚለው ቃል ስለ ጦርነቱ ምንም አይነግረንም ማለት ስሕተት ነው። ልጅ ሞትን ከእናቱ፣ እናት ችግርን ከልጇ የደበቁበት ቃል ነው። ዜና የሚያነብ ሰው የተባለውን ይመዝናል፤ ደብዳቤ የሚያነብ ግን ያልተባለውንም መመዘን አለበት።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩበት ጊዜ ስልክ ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ «ደህና ነን» ብሎ መዋሸት እንኳ አልተቻለም። በስልክ የተባባልነውም ቢሆን ከቀፎው ጋር ይጠፋል።

ስለዚህ በሣጥን ውስጥ የቀሩትን ወረቀቶች ባለቤቶቹን አስፈቅደን እንሰብስብ። የሚያስታውሱት እናቶች እያለፉ ነው፤ ወረቀቱም ምስጥ አይምርም።