የአደራ ልጅ፣ የደሃ ቤትና የመንግሥት እጅ፦ ከጉዲፈቻ እስከ ሴፍቲኔት
(በመቂ ከተማ የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ የተገለበጠ)



ገለጻዬን በአንድ ቃል እጀምራለሁ፤ ጉዲፈቻ። ቃሉ የአፋን ኦሮሞ ነው፤ ሥሩም «ማሳደግ» የሚል ትርጉም አለው። በባህሉ መሠረት ጉዲፈቻ በሽማግሌዎችና በምስክሮች ፊት ይፈጸማል፤ ልጁ የአሳዳጊውን ጎሳ ይይዛል፣ እንደ አብራክ ክፋይም ይወርሳል። በአማራው ባህል የጡት ልጅነት ተቀራራቢ ዝምድና ይፈጥራል። የአማርኛው ሕግ የተቀበለው ስም ግን ጉዲፈቻ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ኋላም በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይኸው ቃል የመላ አገሪቱ ቃል ሆነ።

የዛሬው ክርክሬ አጭር ነው። መንግሥት ቃሉን ከሕዝቡ ወስዶ ሕግ አደረገው፤ ልጁን የተቀበለውን ቤት ወጪ ግን አልተጋራም። ገንዘቡ ለረጅም ጊዜ የሄደው ወደ ተቋም እንጂ ወደ ጓዳ አልነበረም።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ከዚህ በስተደቡብ፣ በዚሁ በስምጥ ሸለቆ፣ ደርግ በአላጌ የሕፃናት አምባ አቋቁሞ በጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችን አሳደገ። የ1977ቱ ረሃብ ሲመጣ ደግሞ የእርዳታ ድርጅቶች የሕፃናት ማሳደጊያዎች በረከቱ። በዚያው ዘመን ከማሳደጊያ ይልቅ በአክስትና በአያት፣ በጎረቤትና በክርስትና እናት ቤት ያደጉት ልጆች በማንም በጀት ውስጥ አልተጻፉም። ቀጥሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻ ተስፋፋ፤ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ልጆች ሄዱ። በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1070 ይህ በር ተዘጋ፤ ልጆች በአገራቸው ይደጉ ተባለ። ውሳኔው ከባድ ኃላፊነት ያስከትላል፤ ምክንያቱም በአገር ውስጥ ልጅ የሚቀበለው ቤት አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ደሃ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ለቀሩ ሕፃናት መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። ድንጋጌው በጎ ነው። ነገር ግን እንዲህ እናስብ፦ በሽንኩርትና በቲማቲም ማሳ በቀን ሥራ የምትተዳደር አንዲት አያት የሟች ልጇን ልጅ ወሰደች። ልጁ አሳዳጊ አገኘ። ድንጋጌውን በጠባቡ ለሚያነብ ሹም፣ ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ያለ አሳዳጊ የቀረ» አይደለም። የአያቲቱ ርኅራኄ ራሱ ልጁን ከተረጂዎች ተራ ያወጣዋል ማለት ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ የአደራ ቤተሰብን በስሙ ጠርቶ ሥርዓት አበጀለት። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ዋናው የድጋፍ ገንዘብ ግን የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት፣ ኋላም አዳማን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት፣ ቤተሰብን የሚመርጠው በድህነቱ ነው። አደራ መቀበሉ ለብቻው ለክፍያ መነሻ አይሆንም። እንዲያውም በገጠሩ ፕሮግራም አራተኛ ምዕራፍ ክፍያው በአንድ ቤተሰብ ከ5 ሰው እንዳይበልጥ ጣሪያ ተደረገ። ስለዚህ 5 አባላት ያሉት ቤተሰብ ስድስተኛ ልጅ ሲቀበል ክፍያው አይጨምርም፤ እንጀራው ግን ለስድስት ይቆረሳል።

«ለልጅ ማሳደጊያ ከተከፈለ፣ ልጅ ለገንዘብ ሲባል ይወሰዳል» የሚል ተቃውሞ እሰማለሁ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። «ላሳድግህ» ተብሎ ተወስዶ የቤት ሠራተኛ ወይም እረኛ ሆኖ የቀረ ልጅ ሁላችንም እናውቃለን። ይህ የደረሰው ግን ክፍያ በሌለበት ነው፤ የጎደለው ጠያቂ ነው። ድጋፍ ያለበት ቤት ይመዘገባል፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ይጎበኘዋል፣ ልጁ ትምህርት ቤት መዋሉ ይጠየቃል።

አከፋፈሉም ጥንቃቄ ይሻል። ደቡብ አፍሪካ ለአደራ ልጆች የተለየ ድጎማ አላት፤ ሆኖም የሚሰጠው በፍርድ ቤት ትእዛዝ በመሆኑ፣ ወላጅ አልባ ልጆች ሲበዙ መዝገቦች ተከማቹ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ፍርድ ቤት ራሱ ጣልቃ ገብቶ ጊዜያቸው ያለፈ ትእዛዞች እንዲራዘሙ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ አገሪቱ በዘመድ ቤት ለሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች በመደበኛው የልጆች ድጎማ ላይ ጭማሪ ጀመረች። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ መንገዱ ለአያት ቅርብ ይሁን።

ለእኛ ቅርቡ ቀበሌ ነው። በሴፍቲኔት መዝገብ ላይ «የአደራ ልጅ አለ ወይ?» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር፤ የአደራ ልጅ ከጣሪያው በላይ ይቆጠር። ተማሪዎቼ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ከዚሁ ከዱግዳ ቀበሌዎች ጀምሩ፤ ማን የማንን ልጅ እንደሚያሳድግ ቤት ለቤት ጠይቁ። ያልተቆጠረ ልጅ በጀት አይያዝለትም።