የፈረንሳይ አጭር ልቦለድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ

ከ1870 እስከ 1900 ባሉት ዓመታት በፈረንሳይ አገር የተጻፉት አጫጭር ልቦለዶች በዓለም ሥነ ጽሑፍ ውስጥ የዘርፉ መለኪያ ተደርገው ይቆጠራሉ። አብዛኞቹ መጀመሪያ በፓሪስ ዕለታዊ ጋዜጦች ላይ ወጥተው ኋላ በመድበል የተሰበሰቡ ናቸው። ዋነኛ ደራሲዎቹ ጊ ደ ሞፓሳ፣ አልፎንስ ዶዴ፣ ጉስታቭ ፍሎቤር፣ ኤሚል ዞላ፣ ቪሊዬ ደ ሊል አዳም እና አናቶል ፍራንስ ናቸው። (በዚህ መጣጥፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪካዊ መነሻ

ዘርፉን ያሳደገው ከሁሉ በላይ ጋዜጣ ነው። በ1863 የተመሠረተው ለ ፕቲ ዡርናል በ5 ሳንቲም እየተሸጠ ጋዜጣን ከባለጸጋው ሳሎን አውጥቶ ሠራተኛው እጅ አገባው። የሐምሌ 29 ቀን 1881 የፕሬስ ሕግ የኅትመት ነፃነትን አሰፋ፤ በ1881 እና 1882 የወጡት የዡል ፌሪ ሕጎች ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ነፃና ግዴታ አደረጉ። እንደ ለ ጎሉዋ እና ዢል ብላስ ያሉ ጋዜጦች ለልቦለድ ቋሚ ቦታ ሰጥተው ለደራሲው በየጽሑፉ ይከፍሉት ነበር። የጋዜጣ ዓምድ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ደራሲው ገጸ ባሕሪውን በጥቂት መስመር አስተዋውቆ፣ አንድ ድርጊት ይዞ፣ ሳይዘገይ ወደ ፍጻሜው መድረስ ነበረበት። የዘርፉ ቁጥብነት በከፊል ከዚህ የመጣ ነው።

ሁለተኛው መነሻ ጦርነት ነው። በ1870 እና 1871 ፈረንሳይ በፕሩስያ ተሸንፋ አልዛስንና የሎሬንን ከፊል አጣች። ይህ ሽንፈት ለአንድ ትውልድ ደራሲያን የማያልቅ ርእስ ሆነ። ጽሑፎቹ ግን ስለ ጦር አዛዦች ብዙ አይሉም፤ ሠራዊት ያለፈበት መንደር ሰው ምን እንደደረሰበት ነው የሚተርኩት።

ዋና ዋና ደራሲያንና ሥራዎቻቸው

ዶዴ (1840–1897) በ1869 ባሳተመው «የወፍጮዬ ደብዳቤዎች» የደቡብ ፈረንሳይን የገጠር ሕይወት በለዘብተኛ ቀልድ አቀረበ። ከሽንፈቱ በኋላ በ1873 ባወጣው መድበል ውስጥ የሚገኘው «የመጨረሻው ትምህርት» የሚተርከው አንድ የአልዛስ ተማሪ ነው፤ ከበርሊን በመጣ ትእዛዝ ፈረንሳይኛ ከትምህርት ቤት የሚወጣበትን ዕለት ያስታውሳል።

ፍሎቤር በ1877 ባሳተመው «ሦስት ታሪኮች» ውስጥ ካሉት አንዱ የፌሊሲቴን፣ ዕድሜዋን በሰው ቤት በገረድነት የጨረሰች ሴት ታሪክ ነው። ደራሲው አይፈርድባትም፣ አያዝንላትምም፤ ያያትን ብቻ ይነግረናል። ይህን ሥርዓት ለሞፓሳ ያስተማረውም እርሱ ነበር።

ሞፓሳ (1850–1893) የዘርፉ ቁንጮ ነው። በሚያዝያ 1880 ዞላና ጓደኞቹ ባወጡት «የሜዳን ምሽቶች» በተሰኘው የጋራ መድበል ውስጥ «ቡል ደ ስዊፍ» የተባለው ታሪኩ ታተመ፤ በአንድ ጊዜም ዝነኛ አደረገው። ታሪኩ በጦርነቱ ወቅት ከሩዋን ከተማ በጋሪ ስለሚሸሹ መንገደኞች ነው። አብረው ከሚጓዙት አንዷ ሴተኛ አዳሪ ስንቋን ታካፍላቸዋለች። የፕሩስያ መኮንን ከእኔ ጋር ካልተኛች አላሳልፋችሁም ሲል፣ እነዚያው የተከበሩ ሰዎች ለምነውና አባብለው እሺ ያሰኟታል፤ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ግን ይጸየፏታል፣ ቁራሽም ይነፍጓታል።

በየካቲት 1884 በለ ጎሉዋ የወጣው «የአንገት ሐብል» ይበልጥ የታወቀ ነው። ማቲልድ ሉዋዜል የተባለች የትንሽ ጸሐፊ ሚስት ለግብዣ የተዋሰችውን ሐብል ትጥለዋለች። ባልና ሚስቱ በ36 ሺህ ፍራንክ ሌላ ገዝተው ይመልሱና ዕዳውን ሲከፍሉ 10 ዓመት በድህነት ይማቅቃሉ። ኋላ የሐብሉ ባለቤት ስትነግራት፣ የጠፋው ሐብል አርቲፊሻል ነበር፤ ቢበዛ 500 ፍራንክ ያወጣ ነበር። በ1887 በመጨረሻ መልኩ የወጣው «ለ ኦርላ» ደግሞ የማይታይ ፍጡር ያሳድደኛል የሚል ሰው ማስታወሻ ነው። ሞፓሳ 300 ገደማ አጫጭር ታሪኮችና 6 ረጅም ልቦለዶች ጽፎ፣ አእምሮው በሕመም ታውኮ፣ 43 ዓመት ሳይሞላው በፓሪስ በሕክምና ቤት ሞተ።

ከተጨባጩ ሕይወት የራቁም ነበሩ። ቪሊዬ ደ ሊል አዳም በ1883 «ጨካኝ ታሪኮች»ን አሳተመ፤ ሥራው በምጸትና በድንጋጤ የተሞላ ነው። አናቶል ፍራንስ «የይሁዳ ገዥ» በሚለው ታሪኩ፣ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደ ቅዱስ የሚታሰበውን ጲላጦስን አርጅቶ ያሳየናል። ስለ ናዝሬቱ ኢየሱስ ሲጠየቅ፣ ጲላጦስ እንዲህ ያለ ሰው አላስታውስም ይላል።

ፈረንሳይኛ በሐዲዱ መስመር፦ ድሬዳዋና ሁርሶ

የእነዚህ ደራሲያን ቋንቋ ወደ ኢትዮጵያም ደርሷል። ሞፓሳ በፓሪስ ዝናው ጣሪያ በነካበት ዘመን፣ ግጥም መጻፉን እርግፍ አድርጎ የተወው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ በሐረር ነጋዴ ነበር። «የአንገት ሐብል» በወጣበት በ1884 እርሱ ያሳተመው ስለ ኦጋዴን የቀረበ የጂኦግራፊ ዘገባ ነው። ፈረንሳይኛ በአካባቢው ሥር የሰደደው ግን በምድር ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማዋም በዙሪያው ተቆረቆረች። በ1908 የተቋቋመው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ሥራውን ወደ ምዕራብ ቀጠለ፤ ሐዲዱ በሁርሶና በኤረር በኩል አልፎ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ዛሬ በወታደራዊ ማሠልጠኛዋ በይበልጥ የምትታወቀው ሁርሶ በዚያ ዘመን ፈረንሳይኛ የሥራ ቋንቋ በሆነበት መስመር ላይ የምትገኝ ጣቢያ ነበረች። በሐረር የነበሩ የካቶሊክ ሚሲዮናውያንም በ1905 «ለ ሰመር ዴትዮፒ» የተባለ የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ማሳተም ጀምረው ነበር።

ከዚህ መስመር ጋር ስማቸው የሚነሣ አንድ ኢትዮጵያዊ ደራሲ አሉ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 በሮም ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» የአማርኛ ልቦለድ ፈር ቀዳጅ ሆኑ፤ በዚያው ዓመት በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተዘጋጀ የመንገደኛ መምሪያም አወጡ፤ ኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው አገልግለዋል። የአማርኛ አጭር ልቦለድ ራሱን ችሎ የቆመው ግን ዘግይቶ ነው። ከመጀመሪያዎቹ መድበሎች የሚጠቀሱት የታደሰ ሊበን «መስከረም» (1949 ዓ.ም.) እና «ሌላው መንገድ» (1952 ዓ.ም.) ናቸው።

ተጽዕኖና ግምገማ

ሩሲያዊው ደራሲ ቶልስቶይ በ1894 ለሞፓሳ ሥራዎች የሩሲያኛ ትርጉም መቅድም ጽፏል፤ ተሰጥኦውን አድንቆ የሥነ ምግባር አቋሙን ነቅፏል። አሜሪካዊቷ ኬት ሾፐንም ታሪኮቹን ተርጉማለች። ነቀፌታው ግን አላቋረጠም። አንባቢን በፍጻሜው ለማስደንገጥ ተብሎ የሚሠራ ታሪክ ምስጢሩ ከታወቀ በኋላ ይቀዘቅዛል የሚሉ አሉ። ይህ ብዙ ተከታዮቹን ይመለከታል፤ «ቡል ደ ስዊፍ» እና «የመጨረሻው ትምህርት» ግን በድንገተኛ ፍጻሜ ላይ አልተደገፉም፤ መጨረሻቸውን አስቀድሞ ያወቀ አንባቢም ጣዕማቸውን አያጣም። የእነዚህ ሁሉ ፈረንሳውያን ደራሲያን የቅጂ መብት ጊዜ አልፏል፤ ወደ አማርኛ ሊመልሳቸው የሚነሣ ተርጓሚ የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልገውም።