የመምህራንን ዕለታዊ የሥራ ጫና ለማቃለል በርዕሰ መምህራን ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች

የመምህር ሥራ በክፍል ውስጥ በሚያሳልፋቸው ክፍለ ጊዜያት ብቻ አይለካም። የዕለት ዕቅድ ዝግጅት፣ የተከታታይ ምዘና እርማትና ምዝገባ፣ የክፍል ኃላፊነት፣ የክበባት ተሳትፎ ሁሉም ጊዜ ይጠይቃሉ። ርዕሰ መምህራን ሥራ ሲደለድሉ ይህንንም መቁጠር ይኖርባቸዋል።

ለሁለተኛ ደረጃ በመስፈርትነት የተቀመጠው የክፍል ተማሪ ብዛት 40 ነው። በዚህ መስፈርት መሠረት አምስት ክፍሎችን የሚያስተምር መምህር አንድ አጭር ፈተና ሲሰጥ 200 ወረቀት ያርማል፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ቢያጠፋ 10 ሰዓት ይፈጅበታል። በርካታ ክፍሎች ደግሞ ከመስፈርቱ በላይ ተማሪ ይዘዋል። ስለሆነም የትምህርት ክፍል ተጠሪዎች በመንፈቅ ዓመቱ መጀመሪያ የምዘና መርሐ ግብር በጋራ ቢያወጡ፣ እርማቱ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አይከማችም። የክፍለ ጊዜ ድልድል ሲዘጋጅም የመምህሩ ክፍት ጊዜያት ተበታትነው ከሚቀሩ ሁለቱ እንኳ ተከታታይ ቢሆኑ ይመረጣል። በነጠላ ክፍለ ጊዜ ወረቀቱ ተዘርግቶ ሳያልቅ ደወል ይደወላል።

ሌላው ሸክም ተደጋጋሚ ሪፖርት ነው። አንድን መረጃ ለምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ ለሱፐርቫይዘሩና ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በየቅጹ እንዲሞላ መምህሩን ማስገደድ ተገቢ አይደለም፤ መረጃው አንድ ጊዜ ተሰብስቦ ቀሪውን የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ሊያደርሰው ይችላል። በየዓመቱ የሚጠበቀው የ60 ሰዓት ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያም በጋራ ዕቅድና በፈተና ዝግጅት ላይ ቢያተኩር፣ ተጨማሪ ሥራ ከመሆን ይልቅ የነበረውን ያቃልላል። አዲስ ኃላፊነት የሚሰጥ ርዕሰ መምህር የትኛው ሥራ እንደሚቀነስ አብሮ ቢገልጽ መልካም ነው።

ሐዘን፣ ሕመም ወይም ወሊድ ሲያጋጥም ክፍለ ጊዜውን የሚሸፍኑ መምህራን ዝርዝር አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት፤ ዝርዝር በሌለበት መምህሩ ታምሞም ይመጣል፣ ወይም ባልደረቦቹን እየለመነ ይቀራል። ከቤተሰቡ ርቆ ለተመደበ ጀማሪ መምህር ልምድ ያለው አማካሪ ሊመደብለት ይገባል። የሥራ መልእክት በቴሌግራም የሚተላለፍ ከሆነ፣ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ከምሽት በኋላ ባይላክ ይመረጣል።

ወላጆችም የድርሻቸውን መወጣት ይችላሉ። መምህር ለማነጋገር ሲፈልጉ ትምህርት ቤቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ በሚያሳውቀው የምክክር ሰዓት ይቅረቡ፤ በማስተማር ላይ ያለን መምህር ከክፍል ማስጠራት ተማሪዎቹን ትምህርት ያሳጣል።