የሰማያዊቷ ቢራቢሮ መጥፋትና መመለስ

በእንግሊዝ አገር ትልቋ ሰማያዊ ቢራቢሮ ተብላ የምትታወቀው ፍጥረት ከዚያች ምድር ጨርሳ መጥፋቷ የተነገረው በ1979 ነው (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የጠፋችው ግን ተቆርቋሪ አጥታ አልነበረም። ለብዙ ዘመን ጥፋተኞች ተብለው ሲወነጀሉ የኖሩት ቢራቢሮ ሰብሳቢዎች ስለ ነበሩ፣ እነርሱ እንዳይደርሱባት ከመኖሪያ መስኮቿ አንዳንዱ ታጥሮ ነበር፤ ከብትም እንዳይገባ ተከለከለ። ይሁን እንጂ እንቁላሏን የምትጥልበት የዱር ጦስኝ በአጥሩ ውስጥ እያበበ እርሷ ከዚያው ጠፋች።

የቢራቢሮዋ እጭ በጦስኝ አበባ ላይ የሚቆየው ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ወደ መሬት ወድቆ ቀይ ጉንዳን እስኪያገኘው ይጠብቃል። ጉንዳኑ ሲነካካው ጣፋጭ ጠብታ ያመነጭለታል፤ ጉንዳኑም ከጎሬው የወጣ የራሱ ወገን እጭ መስሎት አንሥቶ ያስገባዋል። እንግዳው በጨለማ ውስጥ አሥር ወር ያህል የአሳዳሪዎቹን እጮች እየበላ ይኖራል። እንዲህ ያለ ውለታ መላሽ በዱር ውስጥ ብዙ አይገኝም! ይህን ምሥጢር በ1915 የገለጡት ቻፕማን የተባሉ ሐኪም ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ ፍሮሃክና ካፒቴን ፒዩርፎይ ዎልነት የሚባለውን ፍሬ ቅርፊት ለጉንዳኖች ቤት አድርገው እጩን እስከ ክንፉ አሳደጉት።

ሆኖም ጉንዳን ሁሉ አንድ ተደርጎ ይታይ ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት የመጨረሻዎቹን ቢራቢሮዎች በመስክ የተከታተሉት ጄረሚ ቶማስ ልዩነቱን ደረሱበት፤ እጩን የተለያዩ ቀይ ጉንዳኖች አንሥተው ቢወስዱትም በብዛት በሕይወት የሚወጣው ሚርሚካ ሳቡለቲ ከተባለው ዝርያ ጎሬ ነው። ይህም ጉንዳን ሙቀት ወዳድ ነው። በዚያ ቀዝቃዛ አገር የሚበረክተው ፀሐይ በሚመታው ተዳፋት ላይ፣ ሣሩ እስከ ሥሩ ተግጦ አፈሩ ሲሞቅ ነው። ሣሩ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል አፈሩ ይቀዘቅዛል፤ ሳቡለቲም ቦታውን ለሌሎች ዘመዶቹ ይለቃል። ለሰው ዓይን መስኩ ያው መስክ ነው፤ ጦስኙም በቦታው አለ።

ታዲያ አጥሩ ጠላት ብሎ ያገደው ከብት የጉንዳኑ ባለውለታ ነበር። ገበሬዎች ዳገታማውን መሬት ለግጦሽ መጠቀም እየተዉ በሄዱ ጊዜ ሣሩን አሳጥራ ያቆየችው ጥንቸል ነበረች፤ በ1953 ብሪታንያ የገባው የሚክሶማቶሲስ በሽታ ጥንቸሎቹን ሲፈጃቸው ግን ይህም ቀረ። የቶማስ ግኝት ለመጨረሻዎቹ ቢራቢሮዎች አልደረሰላቸውም።

ለዝርያው መመለስ ግን አገለገለ። ቁጥቋጦው ተመነጠረ፤ ከብትና ፈረስ በተመደበላቸው ወራት እንዲግጡ ተደረገ፤ ሳቡለቲም ተመልሶ ረባ። ከ1983 ጀምሮ ከስዊድን የመጡ እጮች በተሰናዳው መስክ ላይ ተለቀቁ። ዛሬ በሶመርሴት ኮረብታዎች ላይ በሰኔና በሐምሌ የሚበሩት ሰማያዊ ቢራቢሮዎች የእነዚያ ስዊድናውያን ዘሮች ናቸው፤ በአንዳንዱ ኮረብታ ላይም ጎብኚ በነፃ ገብቶ ያያቸዋል።