የድሮ አለቃችሁ ስለ እናንተ ምን ማለት ይችላል?

አዲስ ሥራ አመልክታችሁ ኢንተርቪው አለፋችሁ። "የቀድሞ መሥሪያ ቤታችሁን እናጣራ" ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ዝም። "ምን ብለውብኝ ይሆን? ማለትስ ይችላሉ ወይ?" ለምትሉ፣ ሕጉ የሚለውን ሰብሰብ አድርገን አቅርበናል።

📌 በወረቀት

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 መሠረት አሠሪ ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የምስክር ወረቀት በነፃ መስጠት ግዴታው ነው። የሚገለጹት ሦስት ነገሮች ናቸው፦

1. የሠራችሁት የሥራ ዓይነት
2. የአገልግሎት ዘመናችሁ
3. ይከፈላችሁ የነበረው ደመወዝ

ጸባይ፣ ጠብ፣ "ለምን ወጣ" የሚባለው በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ተባርራችሁ ቢሆን እንኳ ወረቀቱ መብታችሁ ነው።

📌 በስልክ

እዚህ ጋ ነገሩ ይለያል። አሠሪ ስለቀድሞ ሠራተኛው ሲጠየቅ አስተያየት እንዳይሰጥ በቀጥታ የሚከለክል አንቀጽ በአዋጁ የለም። "ያረፍድ ነበር" ቢልና እውነት ቢሆን መክሰስ ይከብዳል።

ያልሰረቀን ሰው "ሌባ ነው" ማለት ግን ሌላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2044 የሰውን መልካም ስም ወይም የወደፊት ዕድል የሚጎዳ ንግግርን ስም ማጥፋት ይለዋል፤ ካሣም ያስጠይቃል። በቁጥር 2047 ተናጋሪው እውነት መሆኑን ካስረዳ ነፃ ይወጣል። የተናገረው ለመጉዳት ብቻ ብሎ ከሆነ ግን እውነት መሆኑም አያድነውም።

ችግሩ ማስረጃ ነው። ስልኩን ያነሳው ሰው ካልመሰከረላችሁ የተባለውን ማሳየት ከባድ ነው። ስለዚህ ዋናው መከላከያችሁ ወረቀቱ ነው።

📌 ምን ታድርጉ?

✅ ስትለቁ የሥራ ልምድ ደብዳቤ በማመልከቻ ጠይቁ፤ ገቢ የሆነበትን ኮፒ ያዙ።
✅ የመሥሪያ ቤቱን ንብረት አስፈርማችሁ አስረክቡ፤ ሰበብ እንዳይሆን።
✅ ሲቪ ላይ ሥራችሁን በደንብ የሚያውቅ ኃላፊ አስገቡ፤ ቀድማችሁም አስፈቅዱት።
✅ ደብዳቤውን ከከለከሏችሁ የፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

⚠️ የመንግሥት ሠራተኞችና የሥራ መሪዎች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ስለሆነ ለየብቻ አጣሩ።

ሥራ ሊለቅ ላሰበ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት፤ ደብዳቤውን ሳይዝ እንዳይወጣ።