ጁሊያን ቱዶር ሃርት

ዶክተር ጁሊያን ቱዶር ሃርት (እ.ኤ.አ. 1927 – 2018) በዌልስ፣ ግሊንኮሩግ በተባለች የከሰል ማዕድን መንደር ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የሠሩ የቤተሰብ ሐኪም፣ ተመራማሪና ጸሐፊ ነበሩ። በይበልጥ የሚታወቁት በ1971 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባሳተሙት «የተገላቢጦሽ እንክብካቤ ሕግ» ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሕይወትና ትምህርት

የተወለዱት ለንደን ነው። ሐኪም የነበሩት አባታቸው በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ቁስለኞችን አክመዋል። ሃርት በካምብሪጅና በለንደን ሕክምና አጥንተው፣ ከታዋቂዎቹ ተመራማሪዎች ከሪቻርድ ዶልና ከአርቺ ኮክራን ጋር ሠርተዋል። ወደ ግሊንኮሩግ የሄዱት በ1961 ነው። የምርምር ልምዳቸውን ግን አልተዉትም፤ 2,000 ገደማ ሰው የሚኖርባት መንደር ራሷ የጥናት ቦታ ሆነች።

የአሠራር ዘዴ

የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። ሐኪሙ በሽተኛው እስኪመጣ ከጠበቀ፣ ሰውየው የሚመጣው አንጎሉ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወይም ልቡ ከተጎዳ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሃርት ለሳልም ሆነ ለቁስል የመጣውን ሁሉ ግፊቱን ይለኩ ነበር፤ ያልመጡትንም ከመዝገብ እየለዩ ይፈልጓቸው ነበር። በብሪታንያ የታካሚዎቻቸውን ሁሉ ግፊት በመደበኛነት በመለካት የመጀመሪያው ሐኪም እንደሆኑ ይነገራል።

«የግማሾች ደንብ» የሚባለውንም ደጋግመው ያነሱ ነበር፦ ግፊት ካለባቸው ሰዎች የሚታወቁት ግማሾቹ፣ ከታወቁት የሚታከሙት ግማሾቹ፣ ከሚታከሙትም ግፊታቸው የሚስተካከለው ግማሾቹ ብቻ ናቸው። ሲባዛ ከ8 ሰዎች የተሟላ ጥቅም የሚያገኘው 1 ብቻ ነው ማለት ነው። መድኃኒቱ ሳይጠፋ ሰዎቹ በየደረጃው ይጠፋሉ።

ታካሚውን አገልግሎት ተቀባይ ብቻ አድርገው አያዩትም፤ ጤናን ከሐኪሙ ጋር አብሮ የሚያመርት ነው ይሉ ነበር።

የተገላቢጦሽ እንክብካቤ ሕግ

ሐሳቡ ባጭሩ፣ ጥሩ ሕክምና በብዛት የሚገኘው እምብዛም በማያስፈልግበት ቦታ ነው፤ የበሽታው ጫና በሚበዛበት ግን ያንሳል የሚል ነው። ሕክምና ለገበያ በተጋለጠ መጠን ክፍተቱ ይሰፋል ብለውም ጽፈዋል። «ሕግ» ቢባልም እንደ ስበት የማይለወጥ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ሃርት የጻፉት ሊሻር ይችላል ብለው ስለሚያምኑ ነው።

ውጤትና በኋላ ያለው ጊዜ

በ1991 የታተመው የ25 ዓመት ጥናት፣ የግሊንኮሩግ ሕዝብ የሞት መጠን እንዲህ ያለ ፍለጋ ካልተደረገባት ጎረቤት መንደር ያነሰ እንደነበር አሳይቷል። ሁለት መንደሮችን ማነጻጸር ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሆኖም አንድ የገጠር ክሊኒክ ለዚህን ያህል ዘመን መዝገቡን አጥርቶ መያዙ ብርቅ ነው። ሃርት በ2006 የብሪታንያ የጠቅላላ ሐኪሞች ኮሌጅን ሽልማት ተቀብለዋል።